የቅጠል ምርምር ለታማሚ ምን ይረባል ለተባለው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ምርምር ገንዘብ የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ሐሳባቸውን ሳይሸፋፍኑ ነው ያስቀመጡት። ሰው በኢንፌክሽን እየሞተ በቅጠልና በትል ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ቅንጦት ነው ይላሉ። ይህን ያሉት የታማሚ ነገር አንገብግቧቸው እንደሆነ ይገባኛል። እኔንም ያንገበግበኛል። ምክራቸው ቢሰማ ግን የሚጎዳው ራሱ ታማሚው ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ከራሴ ሥራ ተነስቼ ላስረዳ።

የሆስፒታል ማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የቁስል፣ የሽንት፣ የአክታና የደም ናሙና እኛ ጋ ይመጣል። ካልቸር እንሠራለን፤ ማለትም ናሙናው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ እናበቅላለን። የበቀለው ምን እንደሆነ እንለያለን። ከዚያ የትኛው መድኃኒት እንደሚያሸንፈው እንፈትሻለን። ከምናገኛቸው ባክቴሪያዎች አንዱን ግን ምርመራው ሳያልቅ ነው የምጠረጥረው። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ይባላል። አጋር የተባለው፣ ባክቴሪያ የምናበቅልበት የረጋ ምግብ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ይሆናል። ባክቴሪያው በሙቀት የሚያድግበት ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩ፣ ሲከፈት የወይን ፍሬ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። ናሙናው ከቃጠሎ ታማሚዎች ክፍል ከሆነ ያን ጊዜ ልቤ ይከብዳል።

ይህ ባክቴሪያ ጤነኛ ሰው ላይ ብዙም አይበረታም። ቆዳው በእሳት የተነሳበትን፣ በማሽን የሚተነፍሰውን፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለው የዘር በሽታ ያለበትን ሰው ግን በቀላሉ አይለቅም። መድኃኒትም ይቋቋማል። የትኛው መድኃኒት እንደሚያሸንፈው የምናይበትን የሴንሲቲቪቲ ምርመራ ስንሠራ፣ መድኃኒት በተነከረ በየትንሹ ክብ ወረቀት (ዲስክ) ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ማየት ነው የምንፈልገው። ክቡ፣ ባክቴሪያው እዚያ ማደግ አቃተው ማለት ነው። አንዳንዴ ግን እስከ ዲስኩ ጠርዝ ድረስ ይወርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ የሚያስፈልጋቸውን ባክቴሪያዎች ሲዘረዝር፣ ካርባፔነም የሚባሉትን መድኃኒቶች የሚቋቋመውን ሱዶሞናስ በአንደኛው እርከን አስቀምጦት ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በ2024 ዝርዝሩ ሲታደስ አንድ እርከን ዝቅ አለ እንጂ አልወጣም። በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ላይ በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል። ስለዚህ ጸሐፊው «ሰው እየሞተ ነው» ሲሉ ልክ ናቸው።

ታዲያ ይህ ባክቴሪያ ሰውን የሚጥለው በምን ኃይል ነው? መልሱን ፈልገው ካገኙልን ሰዎች አንዱ ሥራቸውን የጀመሩት ከሆስፒታል አይደለም። ከባክቴሪያና ከእጽዋት ሥር ነው።

ፍሬድሪክ አውሱበል አሜሪካዊ የጄኔቲክስ ተመራማሪ ናቸው። መጀመሪያ ልባቸውን የሳበው ናይትሮጅን ነበር። የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው፤ እጽዋት ግን እንዳለ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ወደሚጠቅም መልክ የሚለውጡት አንዳንድ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጥራጥሬ ሥር ላይ እባጭ ሠርተው የሚኖሩት ሪዞቢየሞች ከነዚህ ውስጥ ይመደባሉ። አውሱበልና በወቅቱ ተማሪያቸው የነበሩት ጋሪ ራቭከን በ1980 አንድ ጠቃሚ ነገር አሳተሙ። ክሌብሲየላ ከተባለ ባክቴሪያ የናይትሮጅን ሥራ የሚሠሩ ጂኖችን ወሰዱ። የነዚያን ጂኖች አምሳያ በዝምድና በጣም በሚርቁ ሌሎች ባክቴሪያዎች ውስጥ ፈለጉ። አገኙትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ክሌብሲየላ ኒሞኒየ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ሳንባና የሽንት ቧንቧ የሚያጠቃ፣ መድኃኒት በመቋቋምም ስሙ የከፋ ባክቴሪያ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ በታማሚ ካርድ ላይ ተጽፎ ነው። የቅርብ ዘመዱ ደግሞ ናይትሮጅን እንዴት ከአየር እንደሚወሰድ ያስተማረ የምርምር መሣሪያ ነው። የእርሻ ባክቴሪያ፣ የሕክምና ባክቴሪያ እያልን የከፈልነው እኛ ነን። ባክቴሪያው አያውቀውም።

አውሱበል ከዚያ ፊታቸውን ወደ እጽዋት በሽታ አዞሩ። የሚሠሩት በአራቢዶፕሲስ ላይ ነበር። የጎመን ዘመድ የሆነች ትንሽ አረም ናት፤ ቶሎ ታድጋለች፣ የዲኤንኤ ስብስቧም አነስተኛ ነው፣ ለምርምር ትመቻለች። እጽዋትን ብቻ የሚያጠቃ የሱዶሞናስ ዘመድ ቅጠሏ ውስጥ እያስገቡ እንዴት እንደምትከላከል ያጠኑ ነበር። በዚህ መሃል ነው ጥያቄው የመጣው። ከሰው የተገኘውን ሱዶሞናስ ቅጠል ውስጥ ብናስገባውስ?

መልሱ በ1995 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ዋና ጸሐፊዋ ሎረንስ ራህሜ ነበሩ። ፒ.ኤ.14 የተባለው ከታማሚ የተወሰደ ባክቴሪያ የአራቢዶፕሲስን ቅጠል አበሰበሰ። ያው ባክቴሪያ ቃጠሎ ያለባቸውን አይጦችም ገደለ። እስከዚህ ድረስ እንደ አጋጣሚ ሊታይ ይችል ነበር። ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ከባክቴሪያው ጂኖች ሦስቱን በየተራ አበላሹ። አንዱ የሴልን ፕሮቲን ማምረቻ የሚያቆም መርዝ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው የሴልን ሽፋን ስብ የሚሰባብር ኢንዛይም ይሠራል። ሦስተኛው ሌሎች ጂኖችን የሚያዝ ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ሲበላሽ ባክቴሪያው ቅጠል ላይም አይጥ ላይም ደከመ።

ይህን ውጤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ከመቀመጫዬ ነው የተነሳሁት። የቁስል ናሙና ላይ የማየው ባክቴሪያ በሰው ላይ የሚጠቀምበትን መሣሪያ ለሰው ብሎ አልሠራውም ማለት ነው። አፈር ውስጥና ውሃ ውስጥ ሲኖር የያዘውን ነው ይዞ የመጣው። ቢታሰብ ደግሞ ይገባል። የሴል ሽፋን ቅጠል ውስጥም ቆዳ ውስጥም አለ። ፕሮቲን የማይሠራ ሴል የለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ጉዳይ ልምጣ፤ ጸሐፊው የተነሱበት እሱ ነውና። አንድ ባክቴሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖች አሉት። የትኞቹ በሽታ ያመጣሉ ብለን ብንጠይቅ፣ እያንዳንዱን ጂን አበላሽቶ ባክቴሪያው መድከም አለመድከሙን ማየት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በአይጥ መሞከር በገንዘብም አይቻል፣ በሕሊናም ከባድ ነው። በሰው ላይማ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የራህሜና የአውሱበል ቡድን በ1997 ባሳተመው ሥራ ሰላጣን ተጠቀመ። ጂናቸው የተበላሸ በሺዎች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎችን አንድ በአንድ ሰላጣ ውስጥ እያስገቡ አዩ። ሰላጣውን ማበስበስ ያቃታቸውን ጥቂቶች ለዩ። አይጥ ላይ የሞከሩት እነዚያን ጥቂቶች ብቻ ነው። ከነሱም አብዛኞቹ አይጥ ላይ ደካማ ሆነው ተገኙ። የተገኙት ጂኖች ውስጥ ከዚያ በፊት ማንም የማያውቃቸው ነበሩበት። እንግዲህ ጸሐፊውን በአክብሮት ልጠይቃቸው፦ ገንዘብ ያባከነው ማነው?

በ1999 ደግሞ ሲ ኤለጋንስ የተባለች ትል መጣች። አንድ ሚሊሜትር ገደማ ናት። ላቦራቶሪ ውስጥ የምትመገበው ኢ ኮላይ የተባለ ጉዳት የሌለው ባክቴሪያ ነው። ምግቧን በፒ.ኤ.14 ሲቀይሩት ሞተች። አንዱ አገዳደል ቀናት ይፈጃል፤ ባክቴሪያው አንጀቷ ውስጥ ይራባል። ሌላው ሰዓታት ብቻ ይበቃዋል። ይህ ፈጣኑ በመርዝ ነው፤ መርዞቹም ፌናዚን ከሚባሉ ቀለማም ኬሚካሎች ወገን ናቸው። የእኔን ፕሌት፣ ማለትም የማብቀያ ሳህን፣ አረንጓዴ የሚያደርገው ቀለም ከዚሁ ወገን ነው። ስንት ዓመት እንደ መለያ ምልክት ብቻ የማየው ቀለም የጦር መሣሪያው አካል እንደሆነ ያወቅኩት ከትል ጥናት ነው። አሁን አዲስ ተለማማጅ ሲመጣ ፕሌቱን አሳይቼ ይህን ሳልነግረው አላልፍም። ኋላም በዚችው ትል በሺዎች የሚቆጠሩ ውህዶች ተፈትሸዋል። የታመመች ትል በየትኛው ውህድ ትድናለች ተብሎ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍተሻ ጥቅሙ ባክቴሪያውን የሚገድል ነገር ብቻ ሳይሆን የትሏን መከላከያ የሚያግዝም ሊገኝበት መቻሉ ነው። ደግሞ የትሏን ሴል የሚመርዝ ውህድ ገና ከጅምሩ ይጋለጣል።

ጂን እንዴት ነው የሚበላሸው የሚል አንባቢ ይኖራል። እዚህ ላይ ነው የምወዳት ሴት የምትመጣው። ባርባራ ማክሊንቶክ የበቆሎ ተመራማሪ ነበረች። በቆሎ ፍሬዎች ላይ ያለውን ነጠብጣብ እየተከታተለች፣ አንዳንድ የጂን ክፍሎች ከቦታ ቦታ እንደሚዘሉ ደረሰችበት። በ1950 አሳተመችው። ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቿ ወይ አልገባቸውም ወይ የበቆሎ ብቻ ጠባይ መስሏቸው አለፉት። ውሎ አድሮ በባክቴሪያ ውስጥም ተገኙ። በ1970ዎቹ ደግሞ አንዳንዶቹ አንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂን ተሸክመው እንደሚዘሉ ታወቀ። ዲስኬ ዙሪያ ክብ እንዳይኖር ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይኸው በበቆሎ ላይ የታየው ነገር ነው። በ1983 የኖቤል ሽልማት ስትቀበል ዕድሜዋ 81 ነበር። በ1988 እንዲህ ያለ ዘላይ የዲኤንኤ ቁራጭ የሰው ጂን ውስጥ ገብቶ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን የሄሞፊሊያ በሽታ እንዳመጣ ተረጋገጠ።

እነ ራህሜ የባክቴሪያውን ጂኖች ለማበላሸት የተጠቀሙትም ይህንኑ ዘላይ ነው። መጽሐፍ መሃል የማይመለከተው ገጽ ሲለጠፍ ንባቡ እንደሚቋረጥ፣ ዘላዩ ጂኑ መሃል ሲገባ ጂኑ ሥራ ያቆማል። የት እንደገባ ማግኘትም ቀላል ነው። በበቆሎ የታወቀው ነገር በሰላጣ ላይ ሥራ ሠርቶ ስለ ቃጠሎ ቁስል ነገረን። ይህን ማን አስቀድሞ ዕቅድ ውስጥ ሊያስገባው ይችል ነበር?

ስለ መከላከያውም ጥቂት ልበል። በ1994 የአውሱበል ቡድንና ሌላ ቡድን እየብቻቸው አንድ የአራቢዶፕሲስ ጂን ለዩ። ጂኑ እጽዋቷ የተወሰነ ባክቴሪያ ሲገባባት እንድታውቅ የሚያደርግ ፕሮቲን ይሠራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሰው ሴል ውስጥ በቅርጽ የሚመስሉት ፕሮቲኖች ተገኙ። ከነሱ አንዱ ኖድ2 ነው። በ2001 የዚህ ጂን ለውጦች ክሮንስ ከተባለው ክፉ የአንጀት ቁስለት ጋር እንደሚያያዙ ታወቀ። በ2000 እና በ2001 ደግሞ እጽዋትም ሰውም ባክቴሪያ የሚዋኝበትን ጅራት ፕሮቲን በየራሳቸው መቀበያ እንደሚያውቁት ተገለጠ።

ቀጥሎ የመጣውን ነው ይበልጥ የማከብረው። ሰዉ ሁሉ «እጽዋትና እንስሳት ከአንድ አያት የወረሱት መከላከያ ነው» ማለት ጀምሮ ነበር። ወሬው ያምራል። አውሱበልን የሚጠቅምም ነበር። እሳቸው ግን በ2005 ማስረጃውን መዝነው፣ መመሳሰሉ ከውርስ ይልቅ ሁለቱ በየፊናቸው ወደ አንድ ዓይነት መፍትሔ በመድረሳቸው የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጻፉ። በእንስሳት መካከል ያለው ግን ሌላ ነው። በ2002 ቡድናቸው ትሏ ፒ.ኤ.14ን የምትከላከልበት የመልእክት መስመር ሰውም ውስጥ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ይህኛው የጋራ ውርስ ነው። እንዲህ ለይቶ የሚናገር ሰው ነው እምነት የሚጣልበት። የኔ ላቦራቶሪ ውጤትም እንዲሁ ካልተጻፈ ሐኪሙ ምን ይዞ ያክማል?

ያ ተማሪ ጋሪ ራቭከንስ የት ደረሱ? ከሪዞቢየም ወደ ሲ ኤለጋንስ ተሻገሩ። ትሏ ውስጥ ሌሎች ጂኖችን የሚቆጣጠሩ ትናንሽ አር ኤን ኤዎች (የዲኤንኤ ዘመድ የሆኑ ሞለኪውሎች) እንዴት እንደሚሠሩ አጠኑ። በ2000 ቡድናቸው ከነዚህ አንዱ በሰውም ውስጥ መኖሩን አሳየ። በ2024 ከቪክተር አምብሮስ ጋር የሕክምና ኖቤልን ተቀበሉ። ልብ በሉ፣ የሕክምናውን ነው። መንገዱን የጀመሩት ግን በጥራጥሬ ሥር ባክቴሪያ ነው።

ቅጠል የሰው ሳንባ አይደለም፤ ይህን ማንም የሚክድ የለም። ሰላጣ ትኩሳት አይኖረውም፤ ደምና ነጭ የደም ሴልም የለውም። ትሏ ላይ የሠራ ውህድ ሰው ላይ ላይሠራ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አይሠራም። አይጥ ላይ የሚያስፈልግ ሆኖ ቅጠል ላይ የማያስፈልግ ጂንም አለ። ስለዚህ ታማሚ ላይ የሚደረግ ጥናት ይቅር የሚል ሰው ቢመጣ ከሱም ጋር እከራከራለሁ። የምለው አንዱ ሌላውን ይመግባል ነው። ከሁለቱ አንዱን ብትቆርጡ የተረፈውም ይራባል።

ይህ በመጽሔት የሚነበብ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። የተማረችው የእጽዋት በሽታ ነው። ስትቀጠር «እዚህ ምን ትሠራለች?» ያሉ ነበሩ። አንድ ቀን ከሳንባ ታማሚ አክታ ያልተለመደ ባክቴሪያ በቀለ። ተጣርቶ ሲወጣ ቡርክሆልደሪያ ሴፓሲያ ሆነ። ሁላችንም መጽሐፍ ፍለጋ ስንነሳ እሷ «ይኼማ ሽንኩርት የሚያበሰብሰው ነው» አለች። እውነቷን ነው። ዋልተር በርክሆልደር የተባሉ የእጽዋት በሽታ ተመራማሪ በ1950 ሲገልጹት ያገኙት ከበሰበሰ ሽንኩርት ነበር። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለባቸውን ሰዎች ሳንባ እንደሚያጠቃ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ልጅቱ ብዙ አንቲባዮቲክ እንደማይነካው፣ እርጥብ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ እንደሚቆይ ከእርሻው በኩል ታውቀው ነበር። የክፍሉን ውሃና የመተንፈሻ ዕቃዎች እንድንፈትሽ ያሳሰበችውም እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ እዚህ ምን ትሠራለች ያለ ሰው አልሰማሁም።

የጋዜጣችሁን አሠራር በተመለከተም አንድ ነገር ልጠይቅ። የእርሻ ዜና በአንድ ገጽ፣ የጤና ዜና በሌላ ገጽ ነው የምታወጡት። ለአንባቢ ይመቻል፤ አልቃወምም። እንዲህ ያለው ሥራ ግን በሁለቱ መሃል ይወድቃል። የጤና አዘጋጁ «ይህ የቅጠል ነው» ይላሉ፤ የእርሻው አዘጋጅ «ይህ የሆስፒታል ነው» ይላሉ። መጨረሻ ላይ ሳይወጣ ይቀራል። ከዚያ የምርምር ገንዘብ ክርክር ሲነሳ አንባቢ «ትልና ቅጠል ምን ያደርግልናል?» ቢል አይፈረድበትም፤ የነገረው የለማ።

ስለዚህ አንድ የእጽዋት በሽታ ተመራማሪና አንድ የኢንፌክሽን ሐኪም በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጣችሁ አነጋግሩልን። ባለፈው የጻፉት ጸሐፊም ይገኙ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ በግንባር ቢጠይቁት ደግሞ ይሻላል። እኔም ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው፣ አፈርና ውሃ ውስጥ ያለው ሱዶሞናስ ሆስፒታል ከምናገኘው በጂን ምን ያህል ይለያል? ሁለተኛው፣ እርሻ ላይ በእጽዋት በሽታ ምክንያት የሚረጨው አንቲባዮቲክ ታማሚ ላይ የምናየውን መድኃኒት መቋቋም ምን ያህል ያባብሳል?

ከአክብሮት ጋር፣
የሆስፒታል ማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያ